የዕቅድ ውይይት፦ የጌም ቤቶች ማህበር የፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን 5) የጋራ ግዢ (ረቂቅ 3)
(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው።)

ጀሞ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ሐሳቡ ያው ነው። እያንዳንዱ ጌም ቤት ሁለት ሁለት ፒኤስ 5 ያስገባል፣ መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፣ የቤት ለቤት ውድድሩም ይቀጥላል። ውድድሩ የቆመው ግማሻችን በ4፣ ግማሻችን በ5 ስለምናጫውት ነው። ኤፍሲ (ያ ፊፋ ይባል የነበረው የኳስ ጌም) ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጌሙ አንድ አይደለም። ከፊፋ 22 ጀምሮ ለ5 የገባው እንቅስቃሴ 22 ተጫዋቾች ልዩ ልብስ ለብሰው ሙሉ ግጥሚያ ሲጫወቱ የተቀረጸ ነው። ፒኤስ 4 ላይ እሱ የለም። ፀጉር እንኳን ዘለላው ተለይቶ የሚታየው 5 ላይ ነው።

ሳሪስ፦ ለፀጉር ነው ብር የምናወጣው?

ጀሞ፦ ፀጉር ምሳሌ ነው።

ሳሪስ፦ ምሳሌ አይደለም፣ ተራ ቁጥር 4 ላይ ጽፈኸዋል። ካሜራው እላይ ሆኖ ፀጉር የሚያይ ማን ነው? የሚታየው ሪፕሌይ ላይ ነው። እሱንም ልጆቹ ተጭነው ያልፉታል።

ፒያሳ፦ የኔ ደንበኞች አያልፉም። ጎል ያገባ ሰው ሪፕሌይ አያልፍም፣ ጓደኛውን ያበሽቅበታል እንጂ። እኔ ፀጉሩን እደግፋለሁ። መርካቶ ዋጋ የማጣራውም እኔ ነኝ፣ ተውልኝ።

ኮልፌ፦ ልጆች፣ በፒኤስ 3 ጊዜ የደረሰብኝን ታውቃላችሁ። ፊፋ 17 አዲስ ኢንጂን (ጌሙ የሚሠራበትን ፕሮግራም) ሲይዝ 3 አሮጌው ላይ ቀረ። 18ንም 19ንም ማሊያ ቀያይረው ሸጡልኝ። 20 ላይ ጭራሽ ተዉት። ደንበኞቼ መንገድ ተሻግረው ሄዱ። አሁን 5 ገዝቼ ነገ 6 ቢመጣስ?

መገናኛ፦ ጋሼ፣ ሲመጣም ወዲያው አይተዉዎትም። ጌም ሠሪ ገዢው ወዳለበት ነው የሚሄደው። ፒኤስ 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ኤፍሲ 26 እንኳን ወጥቶለታል። እኔ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ ውድ የግራፊክስ ካርድ ገጥሜ ፊፋ 21 እና 22 ስከፍት ያገኘሁት የፒኤስ 4ቱን ነው። የ5ቱን ያየሁት 23 ላይ ነው። ካርድህ ምንም ይሁን፣ ልኩን የሚቆርጠው ሰው እጅ ያለው ኮንሶል ነው። ስፓይደርማን 2 የሚባለው ጌም ግን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ 4ን ጭራሽ አላሰበውም። ሬይ ትሬሲንጉ፣ ያ የሕንፃው መስታወት ላይ ከተማው የሚታይበት፣ በሁሉም የምስል ምርጫ አለ።

ሳሪስ፦ ስፓይደርማን በሰዓት የሚከፍልህ ማን ነው? ወደ ፀጉሩ እንመለስ።

ሽሮሜዳ፦ ፀጉር ቤት ልንከፍት ነው እንዴ? ጆይስቲኩን ማን አሰበው? የ4 ጆይስቲክ የ5ን ጌም አያጫውትም። እኔ ዘንድ አሥራ ሁለት አለ። የስድስቱን አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋውን እጀታ) ያስቀየርኩት ባለፈው ወር ነው። ማን ሊከፍለኝ ነው?

ጀሞ፦ እትዬ፣ ጆይስቲክ ረቂቅ 2 ላይ ነበር። ሳሪስ ነው ገጹ በዛ ብሎ ያስወጣው። ባለፈውም በባነር ቀለም ሁለት ሳምንት አባክኗል።

ሳሪስ፦ በባነሩ ልክ ነበርኩ! አሁንም ልክ ነኝ። ከመዋጮው አውጡኝ።

ኮልፌ፦ ተዉ እንጂ! ውጣ ያለህ አለ? ጀሞ፣ አንተም አታቆስለው።

ሳሪስ፦ እሺ ጋሼ። ተናድጄ ነው። ፀጉሩ ግን ይሰረዝ።

ጀሞ፦ ተሰርዟል።

መገናኛ፦ ለጆይስቲኩ መላ አለው። ፒኤስ 5 የፒኤስ 4ን ጌም ከነአሮጌ ጆይስቲኩ ያጫውታል። ለጊዜው የ4ቱን ኤፍሲ እንጫንበት። ማከማቻው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ስለሆነ ቶሎም ይከፍታል።

ሽሮሜዳ፦ እንደሱ ከሆነ አለሁበት። እኔን የገደለኝ መክፈቻው ነው። ቡናዬን ፉት እስክል አልከፍት ይልና ልጆቹ ጥለው ይወጣሉ።

ጀሞ፦ ቆይ፣ 5 ገዝተን የ4ን ጌም ልናጫውት?

ኮልፌ፦ እኔም እሱን ልል ነው። የ4ን ጌም ከሆነ ሁላችንም ቤት 4 አለ። ውድድሩን በዚያው እንጀምረው።

ጀሞ፦ ድምፅ ስጡ እንግዲህ።

(አራት ደገፉ፣ ጀሞ ድምፀ ተአቅቦ።)

ጀሞ፦ ረቂቅ 4። ማህበሩ አንድ ፒኤስ 5 ይገዛል፣ ለፍጻሜው ብቻ። የቀረው መዋጮ ለጆይስቲክና ለአናሎግ ይውላል። ፒያሳ፣ ዋጋው የት ደረሰ?

መገናኛ፦ ፒያሳ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

ሳሪስ፦ አንድ ጥያቄ። ማጣሪያው በ4፣ ፍጻሜው በ5 ከሆነ፣ ፍጻሜ የደረሰው ልጅ ነክቶት በማያውቅ ጌም ሊሸነፍ ነው?

ሽሮሜዳ፦ መጀመሪያ ፒያሳን ፈልጉት። የኔ መዋጮ እሱ ጋ ነው።