የስሞል ፌሲዝን ሙሉ ስራ በአንድ አልበም ለመስማት የቱን ልግዛ? «ኦተም ስቶን» ወይስ «አልቲሜት ኮሌክሽን»?

ሸክላ_በሸክላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ለንደን ነው ያለሁት፣ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የስድሳዎቹን የእንግሊዝ ባንዶች እየሰማሁ ነው፣ በተለይ የሞዶቹን፣ ማለት እነዛ ሱፋቸውን በልካቸው አሰፍተው በቬስፓና በላምብሬታ እየዞሩ የአሜሪካ ጥቁሮችን ሶል ሲሰሙ የሚያድሩት ልጆች የሚያብዱላቸውን ባንዶች። ዘ ሁን ጠግቤ ሰምቻለሁ። አሁን ስሞል ፌሲዝ ጋ ደርሼ «ቲን ሶልጀር»ን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማ ብሎኛል፣ ስቲቭ ማሪዮት ያን ሲዘፍን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነው እኮ፣ ከየት አመጣው ያን ድምፅ?

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን የሚያሳይ አንድ ስብስብ ነው የምፈልገው። ግን ሱቅ ሄጄ ሳይ አንዱ «ኦል ኦር ናቲንግ» አለው «ሌዚ ሰንደይ» የለውም፣ ሌላው ደሞ ተገላቢጦሹ። ሁለት የተለያዩ አልበሞች ደሞ ሁለቱም ስማቸው «ስሞል ፌሲዝ» ነው። ሻጩ «ዘ ኦተም ስቶን» የሚባለውን ባለ ሁለት ሸክላ አሳየኝ፣ እዛው አጠገቡ በ2003 የወጣ «አልቲሜት ኮሌክሽን» የሚል ባለ ሁለት ሲዲ አለ። የቱን ልያዝ? በደንብ የምታውቁ ካላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ፣ ችኮላ የለብኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)

ካሳንቺስ_ግሩቭ፦

ወንድሜ ግራ ብትጋባ አይፈረድብህም፣ ነገሩ የመጣው ከካምፓኒ ነው። ባንዱ በ1965 ምስራቅ ለንደን ተመስርቶ እስከ 1967 መጀመሪያ ድረስ የቀረፀው ዴካ ለሚባለው የሸክላ ካምፓኒ ነው፣ ማናጀራቸው ዶን አርደን የሚባል ሰው ነበር። ከሱ ጋ ተጣልተው ወደ ኢሚዲየት ሄዱ፣ ያ ደሞ የሮሊንግ ስቶንስ ማናጀር የነበረው የአንድሩ ሉግ ኦልድሀም ሌብል ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ስራቸው መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ግማሹ አንድ ቤት ግማሹ ሌላ ቤት ቀረ፣ ከዛ በኋላ ለስንት ዓመት አንዱ ቤት በእጁ ያለውን ብቻ ሰብስቦ «ምርጥ ስራዎች» ብሎ ሲሸጥ ኖረ። አንተ ያየሃቸው እነሱ ናቸው።

ለማወቅ ቀላል ነው። በዴካው ግማሽ «ዋቻ ጎና ዱ አባውት ኢት» (የመጀመሪያ ነጠላቸው፣ 1965፣ እንግሊዝ ቻርት ላይ 14ኛ የወጣው)፣ «ሻ ላ ላ ላ ሊ»፣ «ሄይ ገርል»፣ በመስከረም 1966 አንደኛ የወጣው «ኦል ኦር ናቲንግ» እና «ማይ ማይንድስ አይ» አሉ። በኢሚዲየቱ ግማሽ «ሂር ካም ዘ ናይስ»፣ «ኢቺኩ ፓርክ»፣ «ቲን ሶልጀር»፣ «ሌዚ ሰንደይ»፣ «ዘ ዩኒቨርሳል»። የአልበሙን ጀርባ ገልብጠህ ከሁለቱም ወገን ካላገኘህ ሙሉ አይደለም፣ መልሰው።

የስሙም ጉዳይ ከዚሁ ጋ የተያያዘ ነው። በ1966 ዴካ ያወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ስሞል ፌሲዝ» ይባላል፣ በሰኔ 1967 ኢሚዲየት ያወጣውም «ስሞል ፌሲዝ» ይባላል፣ ዘፈኖቹ ግን ሌላ ናቸው። በዛው ሰኔ ደሞ ዴካ እጁ ላይ የቀሩትን ቅጂዎች «ፍሮም ዘ ቢጊኒንግ» ብሎ አወጣቸው፣ ልጆቹ ሄደውበታል እሱ ግን ገበያው ላይ ሊቀድማቸው ፈለገ። እዛ ላይ «ማይ ዌይ ኦፍ ጊቪንግ» አለ፣ ኢሚዲየቱም ላይ እንደገና ተቀርፆ አለ። ሁለቱን አከታትለህ ብትሰማቸው ባንዱ በስንት ወር ውስጥ የት እንደደረሰ ይገባሃል።

አሁን ወደ «ኦተም ስቶን» ስንመጣ፣ እኔ በጣም የምወደው አልበም ነው፣ ግን ያንተን ጥያቄ አይመልስም። የወጣው በህዳር 1969 ነው፣ ማሪዮት ባንዱን ጥሎ ከሄደ ወደ አንድ ዓመት ሊሆነው ሲል፣ ኢሚዲየትም ሊከስር አፋፍ ላይ ሳለ። 22 ዘፈን አለው፣ የሚገርመው የዴካዎቹም «ሻ ላ ላ ላ ሊ»፣ «ሄይ ገርል»፣ «ማይ ማይንድስ አይ» ገብተውበታል፣ ስለዚህ ባንዱ ገና እንደፈረሰ ሙሉውን ጉዞ ለመሰብሰብ የተሞከረበት ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ «ኦል ኦር ናቲንግ» እና አንተ የምትወደው «ቲን ሶልጀር» በላይቭ ብቻ ነው ያሉት! የስቱዲዮው «ቲን ሶልጀር» ላይ ከኋላ የምትሰማት ሴት ፒ ፒ አርኖልድ ናት፣ እሷ የሌለችበትን ብቻ ይዘህ እቤት ብትገባ ታዝናለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ የ2003ቱን «አልቲሜት ኮሌክሽን» ያዝ፣ ሁለቱንም ግማሽ ይዟል፣ ወደ 50 ዘፈን ነው። ከዛ «ኦተም ስቶን»ን ለብቻው ግዛው።

እሙዬ_ዲሲ፦

በትህትና አልስማማም ካሳንቺስ። ለምንድነው ሰው ስሞል ፌሲዝን በስብስብ የሚጀምረው? በ1968 የወጣውን «ኦግደንስ ነት ጎን ፍሌክ»ን ሳይሰማ ባንዱን ሰማሁ የሚል ሰው ምን ሰማ? እንግሊዝ ውስጥ 6 ሳምንት አንደኛ የነበረ አልበም ነው፣ ሽፋኑ እንደ ትምባሆ ጣሳ ክብ ሆኖ የተሰራ፣ ሁለተኛው ገፅ ደሞ ከላይ እስከታች አንድ ተረት ነው፣ ሀፒነስ ስታን የሚባል ልጅ የጨረቃን የጎደለ ግማሽ ፍለጋ ሲሄድ፣ ተረቱን የሚተርከው ኮሜዲያኑ ስታንሊ አንዊን ነው፣ ቃላቱን እያጣመመ እያሽሞነሞነ። ይሄን ቆራርጠሽ ሁለት ዘፈን አውጥተሽ ስብስብ ውስጥ ብታስገቢው ምን ይተርፋል? ስብስቦች ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ «ሌዚ ሰንደይ»ን እና «አፍተርግሎው»ን ወስደው ተረቱን ይተዉታል። «ሌዚ ሰንደይ» ራሱ በነጠላ የወጣው ልጆቹ ሳይፈልጉ ነው፣ ማሪዮት በምስራቅ ለንደን አነጋገር እየተጫወተ የዘፈነው ነገር ነበር፣ ድርጅቱ አወጣውና 2ኛ ደረሰ፣ ከዛ በኋላ ህዝቡ እንደ ቀልደኛ ባንድ ያያቸው ጀመር፣ እነሱ ግን ከባድ ሶልና ሮክ መጫወት ነበር የሚፈልጉት።

«ኦተም ስቶን» ላይ ግን በደንብ ላወራ። የኒውካስል ሲቲ ሆል ላይቩን ነው ማለቴ፣ በ1968 መጨረሻ አካባቢ የተቀረፀው። ሴቶቹ ይጮሀሉ፣ ድምፁ ይጋጫል፣ አንዳንዴ ጊታሩ ራሱ ጠፍቶ ይመለሳል። ሰው ይሄን ሰምቶ ቀረፃው መጥፎ ነው ይላል፣ እኔ ደሞ እዛ ጋ ነው ባንዱን የማገኘው እላለሁ። «ኤቭሪ ሊትል ቢት ኸርትስ»ን ስሚው፣ የሞታውኗ ብሬንዳ ሆሎዌይ በ1964 የዘፈነችው ነው፣ ማሪዮት ግን ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ሲለቀው አዳራሹ አብሮት ይናወጣል፣ ኢያን ማክለገን ከኋላ ኦርጋኑን እያነሳለት ነው፣ ኬኒ ጆንስ ድራሙ ላይ አይቸኩልም። ይሄ ተቀርፆ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት አሌክሳንድራ ፓላስ ላይ ማሪዮት ከመድረክ ወርዶ ሄደ፣ አለቀ። ይሄን እያወቅሽ ስትሰሚው ሌላ ነው።

ከዛ ደሞ «ዘ ኦተም ስቶን» የሚለው ዘፈን ራሱ፣ ዋሽንቱ፣ ዝግታው፣ ያ ሁሉ የሚጮህ ሰው እንዲህ ለስለስ ብሎ መዝፈን እንደሚችል ማን አሰበ። ላላለቀ አልበም ተቀርፀው የነበሩት ናቸው እነዚህ፣ «ሬድ ባሉን»ም፣ «ኮል ኢት ሰምቲንግ ናይስ»ም። ያ አልበም ቢያልቅ ኖሮ የት ይደርሱ ነበር እያልኩ ሁሌ አስባለሁ።

ሀሞንድ_ኦርጋን፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እኔ ስለ ድምፁ ልጨምር። ዝም ብለህ የቆየ ርካሽ ስብስብ አትግዛ፣ የዴካ ዘመኖቹ ዘፈኖች ለሞኖ ነው የተሰሩት፣ አንዳንድ ካምፓኒ በኋላ በግድ ስቴሪዮ አስመስሎ አውጥቷቸዋል፣ ባሱ ይሳሳል፣ ድራሙ ባኞ ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል። ሞኖ የሚል ካየህ አትፍራ፣ በዛን ጊዜ ልጆቹ በትንሽ ማጫወቻና በሬዲዮ ነበር የሚሰሙት፣ ዘፈኑ ደረት ላይ እንዲመታ ተብሎ የተሰራው ለሱ ነው።

«ኢቺኩ ፓርክ» ላይ ድራሙ እንደ አውሮፕላን ሽው የሚልበት ቦታ አለ አይደል፣ እሱን ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ውስጥ ጆርጅ ችኪያንትዝ የሚባለው ኢንጂነር ነው የሰራው፣ አንድ አይነት ድምፅ በሁለት ቴፕ እያስኬዱ አንዱን ትንሽ ሲያዘገዩት ድምፆቹ እየተሳሳቡ እየተፋቱ ያንን ያመጣሉ። ዛሬ በአንድ ቁልፍ የሚሆን ነገር ነው፣ በ1967 ግን በእጅ ነው።

ሌላው፣ ሰው ስሞል ፌሲዝን ሲያወራ ማሪዮትን ብቻ ያወራል፣ ኦርጋኑን ያልሰማ ግን ግማሹን አልሰማም። ማክለገን የአሜሪካዊው ሶል ኦርጋኒስት የቡከር ቲ ደቀ መዝሙር ነው፣ «ግሮው ዩር ኦውን» የሚለውን ግጥም የሌለውን ስማው፣ የሜምፊስ ስታክስ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ የተጫወተ ነው የሚመስለው። ይሄን ስሰማ የኛንም ሰዎች አስባለሁ፣ በዛው ዓመታት አስመራ ከቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖቹ የሚለቁት ሬዲዮ ያንኑ ሶል ለኛም ሙዚቀኞች ጆሮ ሲያደርስ ነበር። አንድ ሙዚቃ ለንደንም አስመራም አዲስ አበባም ገብቶ በየቦታው የራሱን ልጅ ወለደ፣ እኔ የኛን የስድሳዎቹ መጨረሻ ኦርጋን ከማክለገን ኦርጋን ጋ እያከታተልኩ ስሰማ ዘመድ የማግኘት ያህል ነው የሚሰማኝ።

ደሞ የዴካውን አልበም «ዩ ኒድ ላቪንግ» ሳትሰማ እንዳታልፍ፣ 1966 ነው። ከዛ ሌድ ዜፕሊን በ1969 ያወጡትን «ሆል ሎታ ላቭ» ክፈት። ሮበርት ፕላንት የማሪዮት አድናቂ ነበር፣ ከየት እንደተማረ በጆሮህ ትሰማዋለህ።

ሸክላ_በሸክላ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ በጣም ነው ያስተማራችሁኝ። «አልቲሜት ኮሌክሽን»ን ልያዝና «ኦግደንስ»ንም አብሬ እወስዳለሁ፣ እሙዬ አሳምነሽኛል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ ይሄ ሁሉ ስብስብ እየተደጋገመ ሲወጣ ገንዘቡ ለልጆቹ ይደርሳል ወይ? የሆነ ቦታ ምንም አላገኙም የሚል አንብቤ ነበር።

ካሳንቺስ_ግሩቭ፦

እውነት ነው፣ እና የሚያናድደው ክፍል ይሄ ነው። በዴካ ጊዜ ቻርት ላይ አንደኛ ሆነው በሳምንት የሚሰጣቸው 20 ፓውንድ እና ካርናቢ ስትሪት ሱቆች ውስጥ ልብስ በዱቤ የመውሰድ መብት ነበር። ልብስ እንደሆነ አልጎደለባቸውም፣ ሮያልቲው ግን የት እንደገባ አላዩትም። ኢሚዲየት ደሞ በ1970 ከሰረ፣ የዛኛውም ገንዘብ አብሮ ተቀበረ። ቅጂዎቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ስንትና ስንት ጊዜ ታተሙ፣ በሰባዎቹም በሰማንያዎቹም። በመጨረሻ ከረጅም ክርክር በኋላ በ1990ዎቹ ነው አንድ ነገር ማግኘት የጀመሩት። ማሪዮት በሚያዝያ 1991 ኤሴክስ ውስጥ ቤቱ በተነሳ እሳት ሞቷል፣ ሳያይ ቀረ። ባሲስቱ ሮኒ ሌን ለብዙ ዓመት በመልቲፕል ስክለሮሲስ ታሞ በ1997 አረፈ፣ ለህክምናው ያ ገንዘብ ስንት ያደርግለት ነበር።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ባንዱ እጁን ያስገባበትን ፈልግ ነው። በ2014 የወጣው «ሂር ካም ዘ ናይስ» የሚለው ባለ አራት ሲዲ ሳጥን ኬኒ ጆንስና ማክለገን ራሳቸው ቁጭ ብለው የተቆጣጠሩት ነው፣ ማክለገን በዛው ዓመት ታህሳስ ላይ ነው ያረፈው። ግን ልብ በል፣ እሱም የኢሚዲየት ዘመን ብቻ ነው፣ የዴካውን አታገኝበትም፣ ስለዚህ ለጀማሪ አልልህም፣ ስትጠግብ ግዛው።

እሙዬ_ዲሲ፦

ጎበዝ ሸክላ፣ «ኦግደንስ»ን በመውሰድህ ደስ ብሎኛል፣ ሁለተኛውን ገፅ ሳታቋርጥ ስማው እሺ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሱቅ ስትሄድ «ፈርስት ስቴፕ» የሚል አልበም ልታይ ትችላለህ፣ 1970። ማሪዮት ሀምብል ፓይ ሲመሰርት የቀሩት ሦስቱ ሮድ ስትዋርትን እና ሮን ውድን ጨምረው ፌሲዝ ተብለው ያወጡት ነው፣ አሜሪካ ግን ሽፋኑ ላይ ስሞል ፌሲዝ ብለው ነው ያተሙት። እዚህ ዲሲ አሮጌ ሸክላ ቤት ውስጥ ከስሞል ፌሲዝ ጋ ቀላቅለው ነው የሚደረድሩት። ጥሩ አልበም ነው፣ ግን የማሪዮትን ድምፅ ፈልገህ ከገዛኸው አታገኘውም። ዘ ሁን ስለምትወድ ደሞ፣ ኪት ሙን በ1978 ሲሞት ድራሙ ላይ የተቀመጠው ይሄው የስሞል ፌሲዙ ኬኒ ጆንስ ነው፣ «ፌስ ዳንስስ» ላይ ታገኘዋለህ።