ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ዲዬጎ በባቡር፦ ለቢዝነስ ክፍል መጨመር ያዋጣል?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦
ሎስ አንጀለስ ያለችውን ልጄን ስጠይቅ ፓሲፊክ ሰርፍላይነር በሚባለው ባቡር ወደ ሳን ዲዬጎ ለመውረድ አስቤአለሁ። ለገሃር ጣቢያ አጠገብ ያደግሁ አባት ስለሆንሁ ባቡር ይማርከኛል፤ ሆኖም ለቢዝነስ ክፍል የሚጨመረው ገንዘብ ባሕሩን የበለጠ ያሳያል ወይ?

መልስ (ካዛንቺስ)፦
ጋሼ፣ ባሕሩን የሚያሳይዎ የሚቀመጡበት ጎን እንጂ የክፍሉ ደረጃ አይደለም፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በስተ ቀኝ ይሁኑ። የቢዝነስ ጥቅሙ ወንበርዎ አስቀድሞ የተያዘ መሆኑ ነው። እኔ በተራው ክፍል ከግራ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የሰው ጓሮና የመኪና ማቆሚያ ስቆጥር ቆየሁ፤ በመንገዱ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ በሳን ክሌሜንቴ ሐዲዱ አሸዋውን ታክኮ ሲያልፍ ግን ያየሁት የባለ ቀኞቹን ማጅራት ብቻ ነበር።

መልስ (አራት ኪሎ)፦
በዚያው በሳን ክሌሜንቴ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የመሬት መንሸራተት መስመሩን ደጋግሞ ስላዘጋው፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ባቡሩ እስከ መጨረሻው መሄዱን ያረጋግጡ፤ መንገዱን በአውቶቡስ ከጨረሱት የቢዝነሱ ክፍያ ከንቱ ነው። ጊዜ ካለዎት ግን ይኸው ባቡር ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜንም ስለሚሄድ፣ ከሳንታ ባርባራ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቫንደንበርግ የጦር ሰፈር በኩል የሚያልፈውን ዳርቻ እመርጥልዎታለሁ፤ ወደዚያ ሲወጡ ባሕሩ በግራዎ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያስ የቀኙን መስኮት ካገኘሁ እጨምራለሁ።