ለሥነ ጥበብ ታሪክ ማስተርስ ሪሰርች ሜተድ የት ይማራል? የኔ ጥቆማ

«የማስተርስ ጽሑፌ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ነው፤ ሪሰርች ሜተድ የት ልማር?» ላልሽው እህቴ፣ የሞከርኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ብርሽን የማታወጪበትን። አንድ የሪሰርች ሜተድ ስልጠና ከፍዬ ገብቼ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የተማርነው የመጠይቅ አዘገጃጀትና ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ርዕሴ አንዲት የማርያም ሥዕል ናት ስለው አሰልጣኙ «ሳምፕል ሳይዝህ ስንት ነው?» አለኝ። አንድ! ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ብሬ ግን ቀረ። ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ይሆን ይሆናል። እኛ የሚያስፈልገን ሥዕል ማየት የሚያስተምረን ነው።

እሱ ደግሞ ስድስት ኪሎ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቢና አንዱን ጥንታዊ ሥዕል መርጠሽ አንድ ሰዓት ፊቱ ቁሚ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ በእርሳስ ንደፊው። የልብሱ እጥፋት ወዴት ይወርዳል? ዓይኑ ወዴት ያያል? ከግርጌ የተደፋው ሰው ማን ነው? (ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ነው።) በላዩ ሌላ ቀለም የተደረበበት ቦታስ?

ለምን ይጠቅማል ካልሽ፣ ሠዓሊውን ፍሬ ጽዮንን ውሰጂ። ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ያለው ጽሑፍ ንጉሡን ዘርአ ያዕቆብን፣ የገዳሙን አበምኔትና ሠዓሊውን አንድ ላይ ይጠራል። እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። ስም ያልተጻፈባቸው ሌሎች ሥዕሎች «የሱ ናቸው» ወይም «የሱን ፈለግ የተከተለ ሰው ሥራ ናቸው» የሚባለው የፊቱን አሣሣልና የልብሱን መስመር ከዚያ ጋር እያስተያዩ ነው። ሜተዱ ይኼው ነው።

ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴት አይገባም። ስለዚህ ላንቺ የፎቶ ክምችት የግድ ነው። እኔ ሁለት እጠቀማለሁ። ለግድግዳና ለገበታ (በእንጨት ላይ ለተሣለ) ሥዕል የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ «መዝገበ ሥዕላት» ይሻላል። ለብራና ደግሞ አሜሪካ ያለው የሚኒሶታው ሂል ቤተ መጻሕፍት፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እዚህ አገር በማይክሮፊልም (በትንንሽ የፎቶ ፊልም) የተነሱት ብራናዎች ቅጂ እዚያ አለ፣ ድረ ገጹ ላይ ተመዝግበሽ በነፃ ታያለሽ። ችግሩ፣ የማይክሮፊልሞቹ አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ስለ ቀለም የምትጽፊ ከሆነ አይሆኑሽም።

ለሪፈረንስ ፎቶኮፒ ቤት ከፍለሽ አታሠሪ፤ ዞቴሮ የሚባለው የሪፈረንስ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነፃ ነው። የኛን ስም ግን ያበላሻል፤ የአባትን ስም ወደ ፊት ያመጣና መጽሐፉን አባትየው የጻፈው ያስመስለዋል። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ምልክት ተጭነሽ ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጊው። በኛ አቆጣጠር የታተመ መጽሐፍ ላይ «ዓ.ም.» ብለሽ መጻፍም አትርሺ፤ ያለበለዚያ መጽሐፉ ከዕድሜው በላይ በሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል።

ገዳም ለመሄድ የትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። እኔ በሱ ብቻ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። ከሀገረ ስብከቱ አስጽፊና ለአስተዳዳሪው ቀድመሽ ደውዪ። ለጀማሪ ጣና ዳር ዘጌ ያለው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይመቻል፤ ሴትም ይገባል፣ መቅደሱ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ፍላሽ አታብሪ። በበዓል ሰሞን ደግሞ አትሂጂ፣ ማንም አያናግርሽም።