አስቸኳይ፦ ገጸ ባሕርያቴ አደጋውን ከቁም ነገር አልቆጥር አሉኝ

ሌሊት ጸሐፊ (ጠያቂ)
ጓዶች፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። ዛሬ ማታ የፋን ፊክሽኔን (በሌላ ሰው ታሪክ ገጸ ባሕርያት የምጽፈውን ልብ ወለድ) ምዕራፍ 9 መለጠፍ አለብኝ። አንባቢ እየጠበቀ ነው። አንድ ትዕይንት ግን አልሆን ብሎኛል። አዛውንቷ መጥተው ልጆቹን «ዛሬ ሌሊት ወደ ዋሻው እንዳትገቡ» ይሏቸዋል። ልጆቹ ይሰማሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይገባሉ። ረቂቄን የምታይልኝ ጓደኛዬ አነበበችና «ማንም አልፈራም፤ እኔም አልፈራሁም» አለችኝ። ማስጠንቀቂያውን አጠነከርኩት። አዛውንቷን አንቀጠቀጥኳቸው። ነጎድጓድ ጨመርኩ። ጭራሽ ባሰበት። ይኸው፦

«ልጆቼ፣ ስሙኝ! ዋሻው ውስጥ ታላቅ አደጋ አለ! ከገባችሁ አትመለሱም!» አሉ አዛውንቷ እየተንቀጠቀጡ። ሰማዩ አጉረመረመ።
ትልቁ ሳቀ። «እማማ፣ እኛ ከዚህ የባሰ አይተናል።»
ትንሿ ችቦውን አነሳች። «ካልተመለስን ፈረሱን ውሰዱት።»
እየተሳሳቁ ገቡ።

እንዴት አድርጌ ነው አደጋውን ከምር እንዲወስዱት የማደርጋቸው? እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ኮማ አሳዳጅ
ቃለ አጋኖውን አውጪው። በአንድ ንግግር ውስጥ ሦስት አለ። የምሩን የሚያስጠነቅቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ነው የሚያደርገው።

ሳቂታው
ሃሃሃ፣ ፈረሱን ውሰዱት! ትንሿን ወደድኳት። ፈረሱ ግን ምን አጠፋ?

የድሮ አንባቢ
ልጄ፣ ችግርሽ አዲስ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ያለፈ ሰው ታሪክ የትም ሞልቷል። በግሪኮች አፈ ታሪክ ካሳንድራ የምትባል የትሮይ ልዕልት አለች። የወደፊቱን ታያለች፤ ስትናገር ግን የሚያምናት የለም። እርግማኗ ይኸው ነው። እሱን እንኳ ተይው፣ በእውን የሆነውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ለታይታኒክ መርከብ ቀኑን ሙሉ ስለ በረዶ የሚያስጠነቅቁ መልእክቶች ሲደርሱ ነበር። ሌሊት ላይ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በረዶ ከቧት ቆመች። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ይህንኑ ለታይታኒክ ለመንገር ሞከረ። የታይታኒኩ ሠራተኛ ጃክ ፊሊፕስ ግን የመንገደኞችን ቴሌግራም እየላከ ነበር። «ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ታይታኒክ ከበረዶ ግግር ጋር ተላተመች። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ።

አሁን ልብ በይ። ፊሊፕስ ሞኝ አልነበረም። አልሳቀም፣ አልተሳለቀም። ሥራ ነበረበት። በታሪክ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የሚንቁትን ሁሉ ሞኝ ወይም ትዕቢተኛ የሚያደርግ ጸሐፊ ሰውን አያውቅም። አንባቢም ለሞኝ አይፈራም፤ «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ያልፋል። ልጆችሽ ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ እጃቸው ላይ ሥራ ይኑር። ችቦ ይለኩሱ፣ ገመድ ይሰሩ፣ ስንቅ ይቁጠሩ። ግማሹን ሳይሰሙት ይለፋቸው።

ለምን ባይ
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ልጆቹ ለምንድነው ከምር መውሰድ ያለባቸው? የጓደኛሽን አስተያየት እንደገና አንብቢው። ሁለት ነገር ነው ያለችሽ። ልጆቹ አልፈሩም፣ እሷም አልፈራችም። የመጀመሪያው ችግር አይደለም። ሁለተኛው ነው ችግሩ። ልጆቹ እየሳቁ አንባቢው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ እንዲያውም ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። አንቺ ግን ገጸ ባሕርያቱን ለማስፈራራት ነው የምትደክሚው።

አዲስ ገቢ
እኔ ቃለ አጋኖውን ቀንሺ እላለሁ።

ኮማ አሳዳጅ
ብያለሁ እኮ።

ሌሊት ጸሐፊ (ጠያቂ)
ጋሼ፣ የገመዷን ሐሳብ ወስጃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለምን ባይ፣ ያልከው ገብቶኛል፤ ግን አንባቢውንስ በምን ላስፈራው? በዋናው ታሪክ ልጆቹ ቀልደኞች ናቸው። ቀልዱን ከወሰድኩባቸው «እነዚህ የምናውቃቸው ልጆች አይደሉም» እባላለሁ። ደግሞ በዋናው ታሪክ ሁሉም እስከ መጨረሻው በሕይወት አሉ። ይህን ያልጻፍኩት ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነው።

መለያ ጠባቂ
በይ እንግዲህ፣ ዋናውን ነገር አሁን ነገርሽን። አንድ ጥያቄ ብቻ። አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን የሚባለው የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ ላይ ነው የምትለጥፊው? ከሆነ ለአንባቢ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ በሚነገርበት የማስጠንቀቂያ መለያ ቦታ ምን መረጥሽ?

ሌሊት ጸሐፊ (ጠያቂ)
አዎ፣ እዚያ ነው። «ምንም ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም» የሚለውን።

መለያ ጠባቂ
በቃ ተገኘ። እዚያ ከሚመረጡት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ «ዋና ገጸ ባሕርይ ይሞታል» የሚል ነው። አንቺ ምንም የለም ብለሻል። ስለዚህ አንባቢሽ ገና ርዕሱ ላይ እያለ ማንም ዋና ሰው እንደማይሞት ቃል ተገብቶለታል። አዛውንቷ «አትመለሱም» ሲሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ነጎድጓዱ የማይሠራው ለዚህ ነው።

«ጸሐፊው ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጧል» የሚል ሌላ ምርጫም አለ። እሱ ምንም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንባቢው ሳያውቅ ይገባል፣ ልቡም ይሰቀላል።

ለምን ባይ
እዚህ ላይ አልስማማም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ መለያ መቀየር ተገቢ አይደለም። ያንን መለያ አምኖ የገባ ሰው አለ። አንዳንዱ ሐዘን ላይ ሆኖ ነው የሚያነበው፤ ሞት ማንበብ አይፈልግም። ለማስፈራራት ብሎ እምነቱን ማፍረስ ትክክል አይደለም።

መለያ ጠባቂ
ቀይሪ አላልኳትም፤ ያለውን ነው የነገርኳት። ግን ልክ ነህ፣ እኔም አልቀይረውም ነበር።

ሳቂታው
ስለዚህ ፈረሱ ይሙት። ፈረሱ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለም።

የድሮ አንባቢ
አንተ ልጅ፣ ቁም ነገር ላይ ነን።

ጭስ ያየ
ሥራዬ ሰውን ከአደጋ ማስወጣት ስለሆነ እስኪ እኔም ልግባበት።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔ እና ጆን ዳርሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መጠይቅ ሲሞሉ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይለቀቅባቸዋል። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። አጠገባቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ ግን የተናገረው 10 በመቶው ብቻ ነው። ጭሱ ያው ጭስ ነው። ሰው ግን ጭሱን ትቶ የጎረቤቱን ፊት ያያል። ሥራ ላይም የማየው ይህንኑ ነው። ደወል ይጮኻል፣ ሰው ግን አይነሳም። ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ «ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስልኩን ይፈልጋል። ማንም ካልተነሳ ይቀመጣል።

ስለዚህ ቀልዱን አትንኪው። ቡድን ውስጥ ቀልድ «ሌላው አልፈራም» የሚል ምልክት ነው። አንደኛው ሲቀልድ ሌላው የፈራውን ይውጣል። አንዷ ከመሳቋ በፊት የሌሎቹን ፊት አየት ታድርግ። ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ «ታላቅ አደጋ አለ» ማስጠንቀቂያ አይደለም። በሥራችን ጥሩ ማስጠንቀቂያ አደጋው ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል፤ የሚናገረውም ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። አዛውንቷ ከእነዚህ አብዛኛውን አልተናገሩም። ዋሻው ውስጥ ያለው ምንድነው? ውሃ ነው? አውሬ ነው? እሳቸውስ በምን አወቁ?

ሌሊት ጸሐፊ (ጠያቂ)
ውሃ ነው። ሌሊት በድንገት ይሞላል። አዛውንቷ የዋሻው አፍ ላይ ነው የሚኖሩት፤ የገቡትንና የወጡትን ያያሉ። እንዴ፣ ይሄን ለካ ምዕራፉ ውስጥ የትም አልጻፍኩትም።

ለምን ባይ
ጭስ ያየ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን ዝርዝር ብቻውን አያሳምንም። ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር ከመተኮሷ በፊት በነበረው ምሽት መሐንዲሶቹ በግልጽ ተናግረው ነበር። ብርዱ የማያያዣውን ጎማ ድርቅ ስለሚያደርገው አትተኮስ አሉ። የቱ ዕቃ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚበላሽ አስረዱ። ግን ተተኮሰች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሳች በ73 ሰከንድ ፈራረሰች፤ የነበሩባት ሰባቱም ሞቱ። ማስጠንቀቂያውን መስማት ዋጋ ያስከፍል ነበርና ነው ያልተሰማው። መስማት ማለት መተኮሱን ማዘግየት ነበር። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፤ ልጆችሽ ዛሬ ሌሊት ባይገቡ ምን ያጣሉ? መልስ ከሌለ ነገ ቢገቡስ? አንባቢም ይሄንኑ ነው የሚጠይቅሽ።

ገመድ ቋጣሪ
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የሁላችሁንም አንድ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ካልወደድሽው ጣይው።

አዛውንቷ ገመዱን አንስተው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄን ያሰረ ማነው?»
«እኔ ነኝ» አለ ትልቁ። ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ዘይት እያፈሰሰ ነበር።
«ፍታውና እንደገና እሰረው። ያለፉትም እንዲህ ነበር ያሰሩት።»
«እማማ፣ እኛ ከዚህ የባሰ አይተናል።»
«ይሆናል። ውሃው ከግራ ነው የሚመጣው። ድምፁን ከሰማችሁ ረፍዷል። ነፋሱ ቀጥ ሲል ነው የምትሮጡት።»
ትንሿ የወንድሟን ፊት አየችና ሳቀች። «ካልተመለስን ፈረሱን ውሰዱት።»
አዛውንቷ አልሳቁም። «እሺ» አሉ።
ትልቁ የዘይቱን ዕቃ አስቀመጠ። ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

ልጆቹ አልተቀየሩም። ቀልዱም እንዳለ ነው። አንድም ቃለ አጋኖ የለም፣ ኮማ አሳዳጅ ደስ ይበለው።

ሳቂታው
«እሺ» ያሉት ላይ የምሬን ነው የደነገጥኩት። ስለ ፈረሱ ከእንግዲህ አልቀልድም።

ጭስ ያየ
ትልቁ ቋጠሮውን መፍታቱ በጣም ትክክል ነው። ሰው «አምናለሁ» አይልም፤ እጁ ነው ቀድሞ የሚያምነው። በሥራ ላይም አንድ ሰው ጫማውን ማሰር ከጀመረ ሌላው ተከትሎ ይነሳል።

ለምን ባይ
ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ይቀራል። አንደኛ፣ ነፋሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ መቆም አለበት። ነፋሱን አንዴ ከጠራሽው ልትረሺው አትችዪም። አንባቢ ዋሻው ውስጥ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር ነፋሱን እያዳመጠ ነው የሚያነበው፤ ፍርሃቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ለምን ዛሬ ሌሊት? እሱ አሁንም አልተመለሰም።

መለያ ጠባቂ
ሦስተኛም አለ። ሌሊት ጸሐፊ፣ አዛውንቷ በዋናው ታሪክ አሉ ወይስ አንቺ የፈጠርሻቸው ናቸው? አንቺ ከፈጠርሻቸው፣ ልጆቹን ዋናው ታሪክ ይጠብቃቸዋል፤ እሳቸውን ግን የሚጠብቃቸው የለም። በአንድ ምዕራፍ ብቅ የሚሉ ሰው ስለሆኑ ዋና ገጸ ባሕርይም አይደሉም፤ መለያሽን ሳትነኪ ምንም ሊደርስባቸው ይችላል። የሚኖሩት ደግሞ ውሃው በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ልጆቹ ያልሰሙት ማስጠንቀቂያ ዋጋውን ማን ላይ እንደሚጥል አስቢበት። ሞት ብቻ አይደለም አደጋ። ዓይን አለ፣ ቤት አለ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው መተማመን አለ። ዋናው ታሪክ ለእነዚህ ዋስትና አልሰጠም።

የድሮ አንባቢ
ይሄ የበሰለ መልስ ነው። እኔ ብቻ አዛውንቷን አትግደዪብኝ እላለሁ። የሚያስጠነቅቅን ሽማግሌ መግደል የተለመደ ሆኗል። ቤታቸውን ውሃ ይውሰደው። ልጆቹ ሲወጡ አዛውንቷን ፊት ለፊት ማየት ይኑርባቸው። በሕይወት ያለ ሰው ዓይን ከመቃብር ይከብዳል።

ገመድ ቋጣሪ
ሌሊት ጸሐፊ፣ ለጠፍሽው እንዴ?

አዲስ ገቢ
እኔም ሊንኩን እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ ረቂቅ
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ልግባ። የኔ ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ግን አስጠንቃቂው ራሱ ቀልደኛ ነው። በዋናው ታሪክ ሁሌም ሲቀልድ ነው የሚታወቀው። አሁን የምሩን ሲናገር ማንም አያምነውም። ገጸ ባሕርያቱ ብቻ ሳይሆኑ አንባቢዎቼም ቀልድ መስሏቸው እየሳቁ ነው። ምን ላድርገው?

ጭስ ያየ
ቀልዱን ይጀምር፣ አይጨርሰው። ጓደኞቹ መጨረሻውን ይጠብቁ። እሱ መብራቱን ያጥፋና በሩን ይቆልፍ። ማስጠንቀቂያውን ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይጠይቀው።

ኮማ አሳዳጅ
ሦስት ነጥብ ግን አታብዛ።