«በሂደት ላይ ነው» የማይበቃው ጥያቄ ለጨፌ እንዴት ይጻፋል?

አዌቱ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ለተመረጡ የጨፌ ኦሮሚያ (የክልሉ ምክር ቤት) አባል የሚሰጥ የነዋሪዎች ጥያቄ እያዘጋጀን ነው። ውሃ ከሁሉም ይቀድማል፤ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የመብራት መቆራረጥም ተነሥተዋል። ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦

«የጅማ ሕዝብ በውሃ እጥረት እየተቸገረ ነው፤ መንገዱም ተበላሽቷል፤ መብራትም ይቆራረጣል። ችግሩን ለመፍታት ምን እየተሠራ ነው? ምንስ ታስቧል?»

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ቢሮ ኃላፊዎች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ «ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው፣ ፕሮጀክቱ 85 በመቶ ደርሷል፣ በቅርብ ጊዜ ይፈታል።» ኃላፊው ቁጥርና ቀን ይዞ እንዲመልስ ጥያቄው እንዴት ይስተካከል? አሠራሩን የምታውቁ ብትረዱን።

ቃለ ጉባኤ

ወንድሜ፣ ረቂቁ ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ፤ የሦስቱም ባለቤት ይለያያል። ከዚያ እንጀምር።

የመብራት ሥርጭት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ተጠሪነቱም ለፌዴራል። ክልል ላይ ብትጠይቁት ኃላፊው በቅንነት «ከፌዴራል ጋር እየተነጋገርን ነው» ይላል፣ ደቂቃውም በዚያ ያልቃል። ይህን ለተወካዮች ምክር ቤት አባላችሁ ስጡት። መንገድም እንደዚሁ ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅማ ዋና መንገድ የፌዴራል፣ የሰፈር ኮብልና ጠጠር መንገድ ደግሞ የከተማው ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ከክልሉ ጤና ቢሮ በጀት ውጪ ነው፤ ጤና ጣቢያ ግን የክልሉና የከተማው ነው። ለጨፌ የሚቀርበው ክልሉ በጀት የሚመድብለት ወይም ክልሉ የሚቆጣጠረው ጉዳይ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ መድረኩ ነው። ብዙ ሰው ጥያቄ ማለት በመደበኛው ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ መናገር ይመስለዋል። እዚያ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሪፖርት ይቀርባል፣ የብዙ አባላት ጥያቄ ተሰብስቦ በጥቅል ይመለሳል። ከ20 ጥያቄ መካከል የእናንተ ስትመለስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፋለች፤ አፈ ጉባኤውም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቁጥር የሚገኘው በዘርፉ ቋሚ ኮሚቴ በኩል ነው፤ ቢሮው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ይዞ የሚቀርበው፣ ሰነድ የሚጠየቀውና የመስክ ምልከታ የሚወጣው እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በቅድሚያ በጽሑፍ በአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በኩል ይግባ፣ ለኮሚቴው ይድረስ፣ በጉባኤው ላይ ደግሞ አባሉ «በጽሑፍ ላቀረብኩት የደረሰኝ መልስ ይህን ይላል፤ ይህ ግን ጎድሎታል» ብለው ተጨማሪ ጥያቄ ያንሡ። ዋናው ጉልበት ያለው ተጨማሪው ላይ ነው።

የጉባኤው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጽሑፉን ከመጀመሪያው በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁት። በመጨረሻ ሰዓት ሲተረጎም የሚጠፋው ትንሹ ቃል ነው፤ «የሚደርሰው ውሃ» እና «የተመረተው ውሃ» አንድ ሆነው ከቀረቡ መልሱም ስለ ምርት ብቻ ይሆናል።

ጊዜውንም እዩት። በጀት የሚጸድቀው ሐምሌ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ «በጀት ይመደብልን» ማለት ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። በጀት የሚነካ ጥያቄ በዓመቱ አጋማሽ፣ ዕቅድ ሳይዘጋ ይግባ። ሐምሌ ላይ የሚጠየቀው «ባለፈው ዓመት ከተመደበው ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ?» የሚለው ነው።

ቦኖ

የውሃውን እኔ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ሰው የሚታለለው በመቶኛ ነው።

«85 በመቶ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የምኑ እንደሆነ ነው። የፋይናንስ አፈጻጸምና አካላዊ አፈጻጸም ይለያያሉ። ለሥራ ተቋራጭ የሚከፈል ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ስለሚችል አንድ ሜትር ሳይቆፈር «30 በመቶ» የሚል ሪፖርት ሊወጣ ይችላል። አካላዊውም ቢሆን ያታልላል። 10 ኪሎ ሜትር መስመር ከታሰበው 9 ተኩል ቱቦ ተቀብሮ፣ ማጠራቀሚያው ቆሞ፣ ፓምፑና ትራንስፎርመሩ ግን ገና የውጭ ምንዛሪ እየጠበቁ ከሆነ ወረቀቱ ከ90 በላይ ያሳያል፤ ቤት የሚገባው ውሃ ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ «ከቀረው ሥራ ውስጥ ውሃ እንዳይለቀቅ የያዘው የትኛው ዕቃ ወይም ሥራ ነው? ግዥው የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ሽፋን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሽፋን በተዘረጋው አቅም ይሰላል፤ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ቢፈስም ቤቱ ተሸፍኗል ይባላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው በሰው በቀን 80 ሊትር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ጅማ 120,960 ሕዝብ ነበራት። በዚያ ቁጥር ብቻ ቢሰላ በቀን 9,677 ሜትር ኩብ ገደማ ቤት መድረስ አለበት ማለት ነው። ከሚመረተው ውሃ መንገድ ላይ የሚፈሰውና ሳይከፈልበት የሚጠፋው 30 በመቶ ነው ብለን ብናስብ፣ ማምረት ያለባችሁ 13,824 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሕዝቡ ደግሞ ከ1999 ወዲህ ጨምሯል፤ ሆቴልና ፋብሪካም አልገቡበትም። ስለዚህ ሦስቱን ለያይታችሁ ጠይቁ፦ በቀን የሚመረተው፣ ቆጣሪ ላይ የተነበበው፣ በመካከል የጠፋው። የጠፋው 40 በመቶ ከሆነ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ቱቦና ቆጣሪ መጠገን ይረክሳል፤ መልሱን ይዞ የመጣ ኃላፊ ይህን ራሱ ሊነግራችሁ ይችላል።

የፓምፕ ሰዓትም አይረሳ። በሰከንድ 50 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ይሰጣል። በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 3,600፤ መብራት ጠፍቶ 12 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 2,160። «መብራት ይቆራረጣል» የሚለው ጥያቄያችሁ ወደ ክልሉ የሚገባው በዚህ በር ነው፦ «ባለፈው ሩብ ዓመት ፓምፑ በአማካይ በቀን ስንት ሰዓት ሠራ? ተጠባባቂ ጀኔሬተር አለ ወይ? የነዳጅ በጀቱስ ስንት ወር ያስኬዳል?» ይህ የራሳቸው ሥራ ስለሆነ ወደ ማንም አይገፉትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ አማካይ ከፍታ ላይ ያለውን ሰፈር ይደብቃል። ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይቀንሳል፤ ወደ ጅረን በኩል የሚወጣ ዳገት ላይ ያለ ቤት ታች ገበያው ሲሞላለት ጠብታ ላያገኝ ይችላል። በፈረቃ ሰሌዳ በየቀበሌው ጠይቁ እንጂ በከተማ አማካይ አትርኩ።

አዌቱ ማዶ

አመሰግናለሁ፣ ቦኖ። የመቶኛው ነገር በጣም ገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህን ሁሉ ብንጠይቅ ቢሮው መረጃው አለው? ወይስ ኃላፊው በቅንነት አያውቀውም?

ሩብ ዓመት

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ካላወቃችሁ ኃላፊው ሁልጊዜ የሚደብቅ ይመስላችኋል።

ጥያቄው ቢሮው ሲደርስ ወደ ዕቅድና በጀት ዳይሬክቶሬት ይመራል። እነርሱ ለዞን ወይም ለከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤት ይደውላሉ ወይም ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ከተማው ለጣቢያ ኦፕሬተሩ ይደውላል። መረጃው በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ በየደረጃው ይጠቀለላል። ኦፕሬተሩ መዝገብ ላይ «ፓምፕ 2 በ14 ቀን ውስጥ 61 ሰዓት ቆመ» ብሎ የጻፈው ከተማው ጋ «አልፎ አልፎ መቆራረጥ» ይሆናል፤ ቢሮው ጋ «የኃይል ችግር» ይሆናል፤ ኃላፊው እጅ ሲገባ «አንዳንድ ተግዳሮቶች» ነው። ቁጥሩ አልጠፋም፤ ጣቢያው መዝገብ ላይ አለ። ስለዚህ የምትፈልጉትን ሰነድ በስም ጥሩት፦ «የጣቢያው የፓምፕ ሥራ መዝገብ፣ የወሩ የቆጣሪ ንባብ ማጠቃለያ፣ የአማካሪ መሐንዲሱ የመጨረሻ ወርሃዊ ሪፖርት።» ሰነድ በስሙ ከተጠራ ማጠቃለያ ጽፎ መላክ ያስቸግራል።

በጅማ ላይ ልዩ ወጥመድ አለ። ጅማ ከተማ እና ጅማ ዞን ሁለት አስተዳደር ናቸው። «በጅማ የውሃ ሽፋን ስንት ነው?» ብትሉ የዞኑ የገጠር ወረዳዎች ቁጥር ይመጣላችኋል፤ የገጠር መለኪያ ደግሞ በሰው 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው የሚነበቡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። «ጅማ ከተማ፣ የዞኑን ሳይጨምር» ብላችሁ ጻፉ።

ቀን ደግሞ እሰሩ። «እስከ ታኅሣሥ 30» ካልተባለ አንዱ መረጃ እስከ ሰኔ 30፣ ሌላው እስከ ትናንት ይሆንና መነጻጸር አይቻልም።

የመድኃኒቱን ጥያቄ ለይታችሁ ያዙት። ለጤና ጣቢያ «እጥረት አለ ወይ?» ከምትሉ አሥር መድኃኒት መርጣችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጣቢያው የጠየቀው መጠን፣ የተላከለት መጠን፣ በሩብ ዓመቱ መደርደሪያው ባዶ የሆነባቸው ቀናት። የጠየቀውና የተላከው ካልተቀራረበ ችግሩ አቅራቢው ጋ ነው፤ ተቀራርቦ ባዶ ቀን ከበዛ የጣቢያው የፍጆታ ግምት ተሳስቷል።

ጥላ ሥር

ቋሚ ኮሚቴ የሚለውን እስማማለሁ፤ ግን ጉባኤው ላይ በቃል መነሣቱን አታቃልሉት። በብዙኃን መገናኛ የሚተላለፈው ያ ነው፤ ኃላፊው በሕዝብ ፊት የተናገረው ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ኮሚቴ ውስጥ ያለው መልስ ግን ለነዋሪው አይደርስም።

ቃለ ጉባኤ

ትክክል ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር። ኮሚቴው ቁጥሩን ያወጣል፣ ጉባኤው ቀኑን ያስመዘግባል። ያለ ቁጥር ጉባኤ ላይ መነሣት የሚያስገኘው ጭብጨባ ብቻ ነው።

ሕጉን የሚጠይቅ ስለማይጠፋ፦ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50(3) የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ግልጽ መሆን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሰነዱን አባሉ ሊያገኙት ካልቻሉ እናንተም እንደ ነዋሪ በመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ለቢሮው የሕዝብ ግንኙነት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የማመልከቻውን ቅጂ በገቢ ቁጥርና ማኅተም ተቀበሉ፤ ገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል።

አዌቱ ማዶ

እንዲህ አስተካክለነዋል፣ እዩልን፦

«ለውሃና ኢነርጂ ቢሮ። ጅማ ከተማን ብቻ የሚመለከት፣ እስከ ታኅሣሥ 30፦ 1) በቀን በአማካይ የተመረተው፣ በቆጣሪ የተነበበውና የጠፋው ውሃ በሜትር ኩብ፤ 2) እያንዳንዱ ፓምፕ በሩብ ዓመቱ የሠራበት ሰዓት፣ ከጣቢያው መዝገብ ቅጂ ጋር፤ 3) በየቀበሌው ያለው የፈረቃ ሰሌዳ፤ 4) በግንባታ ላይ ያለ የማስፋፊያ ሥራ ካለ አካላዊና የፋይናንስ አፈጻጸሙ ተለይቶ፣ ውሃ እንዳይለቀቅ የያዘው ሥራ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚጠናቀቅ።»

መብራቱንና መንገዱን አወጣነው፤ መድኃኒቱ ለብቻው ለጤና ቢሮ ይሄዳል።

ቦኖ

ጥሩ ነው። አራተኛው ላይ «መቼ እንደሚጠናቀቅ» የሚለውን ቀይሩት። «ተጠናቀቀ» ማለት ግንባታው አለቀ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ፣ ተቋራጩ ሥራውን መጀመሪያ ከሚያስረክብበት ከጊዜያዊ ርክክብ በፊት፣ መስመር በግፊት መፈተሽ፣ መታጠብ፣ በክሎሪን መጽዳት አለ፣ ሳምንታት ይወስዳል። «ጊዜያዊ ርክክብ የሚፈጸምበት ቀን፣ ውሃ ለየትኛው ቀበሌ መጀመሪያ እንደሚለቀቅና ያም የሚሆንበት ቀን» በሉት። ሦስተኛውም ላይ ሰሌዳው ብቻ አይበቃም፤ ወረቀት ላይ ያለው ፈረቃና በትክክል የተለቀቀው ስለሚለያይ «በሩብ ዓመቱ ሰሌዳው ያልተጠበቀባቸው ቀናት ቁጥር» ጨምሩበት።