የፖላሮይድ ፊልም ለምን ወደቀ? ከወደቀ በኋላስ ለምን ይፈለጋል?

ሰማያዊ አልበም፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አጎቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለትምህርት ቦስተን በነበሩበት ጊዜ የገዙት፣ ሲታጠፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ያነሳውን ፎቶ በወረቀት ላይ ወዲያው የሚያወጣ የፖላሮይድ ካሜራ በቅርቡ ለእኔ ደርሶኛል። አብሮትም የድሮ ፎቶግራፎች የሞሉበት ካርቶን አለ። ፎቶግራፎቹ ከታች ሰፋ ያለ ነጭ ጠርዝ አላቸው፤ አጎቴም በየጠርዙ ላይ የሰው ስምና ወር በእስክሪብቶ ጽፈውባቸዋል። ጥቂቶቹ ወደ ቢጫነት ቢያደሉም የአብዛኞቹ ቀለም አሁንም ደማቅ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ያህል የተወደደ ፊልም የሚያመርት ኩባንያ እንዴት ሊከስር ቻለ? «ዲጂታል ካሜራ መጣና አበቃለት» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል አልመሰለኝም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ እንደ ልቡ ፎቶ በሚያነሳበት በዚህ ዘመን፣ ለአንዲት ፎቶ ከሁለት ዶላር በላይ ከፍለው ይህን ፊልም የሚገዙ ወጣቶች ምን አግኝተውበት ነው? በጉዳዩ ላይ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የድሮ መዝገብ፦

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ የዲጂታሉ መልስ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው። ኤድዊን ላንድ ፖላሮይድን በ1937 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኬምብሪጅ ከተማ ላይ ሲያቋቁሙት ሥራው የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ፕላስቲክ ማምረት እንጂ ፎቶግራፍ አልነበረም። ወደ ፎቶግራፍ ያስገባቸው በ1943 ለእረፍት በሄዱበት ትንሿ ልጃቸው «ያነሳኸኝን ፎቶ አሁኑኑ ለምን አላየውም?» ብላ መጠየቋ እንደሆነ ላንድ ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ፈጠራውን በ1947 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ ለሳይንቲስቶች አሳዩ፤ በ1948 መጨረሻ ቦስተን ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም ለሽያጭ ሲቀርብም የመጡት ካሜራዎች በዚያው ዕለት ተሸጠው አለቁ።

ኩባንያውን ያከበረውም ሆነ በኋላ ያሰረው ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ትርፉ የሚመጣው በአብዛኛው ከፊልሙ ስለነበር ገዢው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ወደ ፖላሮይድ ገንዘብ ይገባል። ስለዚህ ፊልም የማይጎርስ ካሜራ ለኩባንያው ከአንድ ጊዜ ሽያጭ ያለፈ ገቢ የማያመጣ ካሜራ ነበር። በ1996 ፒዲሲ 2000 የተባለ የራሱን ዲጂታል ካሜራ ገበያ ላይ ማዋሉን ሰዎች ይረሱታል፤ ዕውቀቱ ነበረው፣ ከፊልሙ የሚገኘውን ትርፍ የሚተካለት ግን አልነበረም።

መንሸራተቱ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ጀምሯል። በ1977 የወጣው ፖላቪዥን የተባለው ድምፅ አልባ የቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ፊልም ቪዲዮ ካሴት በሚገባበት ሰዓት መጥቶ ከባድ ኪሳራ አስከተለ፤ ላንድም በ1980 ዋና ሥራ አስፈጻሚነታቸውን ለቀቁ። በ1980ዎቹ ፊልም በአንድ ሰዓት አጥበው የሚሰጡ ቤቶች በየገበያ ማዕከሉ ሲከፈቱ ደግሞ «ወዲያው ማየት» የነበረው ብልጫ ሳሳ። በ1976 ወዲያው የሚታይ ፎቶ ገበያ ውስጥ የገባውን የፊልም አምራች ኮዳክን ፖላሮይድ በፈጠራ መብት ከሶ ረታው፤ ኮዳክ በ1986 ከገበያው ወጣ፣ በ1991ም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከፈለ። ፖላሮይድ በፍርድ ቤት ብቻውን የቀረበት ያ ገበያ ግን በዚያን ጊዜ እየጠበበ ነበር።

ብዙም የማይነሳ ሌላ ነገር ልጨምር። የዚህ ፊልም ደንበኛ ልደትና ሠርግ የሚያነሳ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም። የመታወቂያና የፓስፖርት ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ቢሮዎች፣ የተገጨ መኪና የሚመዘግቡ የኢንሹራንስ ሠራተኞች፣ ፖሊሶች፣ እንዲሁም ዋናውን ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት የስቱዲዮውን መብራት የሚፈትሹ ባለሙያዎች በብዛት ይጠቀሙበት ነበር። (የመታወቂያው ንግድ የሚያሳፍር ታሪክም አለው፦ የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች እንዲይዙት ያስገድድ ለነበረው የይለፍ ደብተር የፖላሮይድ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ይህን ያወቁት የኩባንያው ሠራተኞች ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊሊያምስ በ1970 ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ ጨርሶ የወጣው ግን በ1977 ነው።) እነዚህ ቢሮዎች ፊልሙን የሚገዙት ስለሚፈጥንላቸው እንጂ ስለሚወዱት አልነበረም፤ ስለዚህ የበለጠ ፈጣንና ርካሽ ነገር ሲመጣ ዞር ብለው አላዩትም። ኩባንያው በጥቅምት 2001 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2008 መጀመሪያ ደግሞ ስሙን የያዘው አዲሱ ባለቤት ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ወዳጆቹ በዚያን ጊዜም ጥቂት አልነበሩም፤ ነገር ግን በሚሊዮን እንዲያመርት የተተከለ ፋብሪካ እነዚያን ወዳጆች ብቻ ይዞ ወጪውን መሸፈን አይችልም።

ብርሃንና ጥላ፦

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቁልፉን ይዟል፤ ፊልሙ ከሞት የተመለሰውም ፋብሪካው ሲያንስ ነውና። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤንስኬዴ በምትባል ከተማ የነበረው የፖላሮይድ ፋብሪካ በ2008 ሲዘጋ፣ ኦስትሪያዊው ፍሎሪያን ካፕስና የፋብሪካው የምርት ኃላፊ የነበሩት አንድሬ ቦስማን ማሽኖቹን በ3.1 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ ሕንፃውን ተከራይተውም አሥር ያህል የቀድሞ ሠራተኞችን ይዘው ጀመሩ። የድርጅታቸው ስም ኢምፖሲብል («የማይቻል» ማለት ነው) ነበር፤ ያለምክንያትም አልተሰየመ፣ ማሽኑ ቢኖርም ፊልሙ የሚሠራባቸው ኬሚካሎች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲያ የሚያመርታቸው አልነበረም።

ችግሩ እንዲገባዎ ከአጎትዎ ፎቶዎች አንዱን አገላብጠው ይመልከቱ። ያ ሰፊ ነጭ ጠርዝ ለጽሑፍ ተብሎ የተተወ ቦታ አይደለም፤ ከሥሩ ወፍራም ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት ነበረች። ካሜራው ፎቶውን ሲያወጣ በሁለት የብረት ሮለሮች መካከል ያሳልፈዋል፤ ያን ጊዜ ከረጢቷ ትፈነዳና ፈሳሹ በንብርብሮቹ መካከል እኩል ይዳረሳል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ባለበት ታስሮ ይቀራል፤ ብርሃን ያልነካው ቦታ ላይ ግን ወደ ላይኛው ንብርብር ይጓዝና ምስሉን ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፎቶው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ እያለ ስለሆነ በፈሳሹ ውስጥ ብርሃን የሚከልል ሌላ ማቅለሚያ አለ፤ እሱም ሥራው ሲያልቅ በራሱ ይጠራና ምስሉን ይገልጣል። ኢምፖሲብል በ2010 ባወጣው የመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የከበደው ይህን መከለያ መተካት ነበር። ገዢዎች ፎቶው ብቅ ሲል በካርቶን ይሸፍኑት፣ ወይም ፈጥነው ኪሳቸው ይከቱት ነበር፤ ያም ሆኖ ገዙት። ድርጅቱ ከ2017 ጀምሮ የፖላሮይድን ስም ይዟል።

በሌላ በኩል ፉጂፊልም በ1998 ጃፓን ውስጥ ኢንስታክስ የተባለውን የራሱን ወዲያው ፎቶ የሚያወጣ ካሜራና ፊልም አውጥቶ ነበር። በ2002 አንድ ሚሊዮን ገደማ የደረሰው የካሜራ ሽያጩ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ መቶ ሺህ ወረደ፤ ይዘጋል ሲባል በእስያ ወጣቶች ዘንድ ተወደደና በ2018 የበጀት ዓመት አሥር ሚሊዮን ደረሰ። ፉጂ ግን በዚህ መሐል በ2016 ባለሙያዎች የሚወዱትን፣ ከተነሳ በኋላ ንብርብሩ በእጅ የሚላጠውን ኤፍፒ 100ሲ የተባለ ፊልም ማምረቱን አቁሟል፤ በዚህ እስከ ዛሬ ቅር የሚለኝ ሰው ነኝ።

አንድ ቅጂ፦

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። «ትዝታ ነው» የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ ኢንስታክስ የሚገዛው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ፖላሮይድ ምን ትዝታ አለው? «የደበዘዘው ቀለም ውበቱ ነው» የሚለው ደግሞ ታሪክን የሚገለብጥ ይመስለኛል። ላንድ የደበዘዘ ፎቶ ለመሥራት አልደከሙም፤ ዛሬ በስልክ ማጣሪያ የሚኮረጀው ቢጫ መልክ የእርጅናና ጊዜው ያለፈበት ፊልም ውጤት ነው። የጠያቂው አጎት ካርቶን ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ደማቅ መሆናቸው ይህንኑ ይመሰክራል።

በእኔ እምነት ሰውን የሚስበው አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑ ነው። ኔጋቲቭ የለውም፤ ለሰው ከሰጡት ሰጡት ነው፣ እርስዎ ዘንድ አይቀርም። ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ በነበረ የአበሻ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ መግቢያው ጋ ኢንስታክስና ባዶ አልበም አስቀምጠው ነበር። እንግዳው ይነሳል፣ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ከሥሩ ምርቃቱን ይጽፋል። አንዲት እናት ግን ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሱትን ይዘው ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ፤ መጀመሪያ የነጠላው ጥለት፣ ቀጥሎ ፊታቸው ብቅ ሲል አዩና «ይቺማ የኔ ናት» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። አልበሙ ላይ የእሳቸው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ሌላ ፎቶ እናንሳዎት ቢባሉም እሺ አላሉም። በዚያ ምሽት በስልክ ስንትና ስንት ፎቶ ተነስተዋል፤ አንዱንም «የኔ ናት» ሲሉ አልሰማሁም።

ደግሞም ተነሺውና አንሺው ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቃሉ። የፖላሮይድ ባለ ቀለም ፊልም አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ኢንስታክስ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ጊዜ ፎቶውን ማርገብገብ ምንም አይጠቅምም፤ ላይጎዳውም ዋስትና የለም።

ሰማያዊ አልበም፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሠርጉ ታሪክ አጎቴ ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱንም ለሰው ለመስጠት ለምን እንደማይፈልጉ ገልጦልኛል። አሁን ካሜራውን ልሞክረው አስቤያለሁ። ገበያ ላይ ያሉት የፊልም ዓይነቶች ግን ግራ አጋብተውኛል፤ የትኛውን ልግዛ?

ብርሃንና ጥላ፦

ታጣፊና ቆዳ የለበሰ ከሆነ ኤስኤክስ 70 ከሚባለው በ1972 ከወጣው ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ «ኤስኤክስ 70» የሚል የተጻፈበትን ፊልም ይግዙ። «600» የሚለው መጠኑ አንድ ቢሆንም ለብርሃን አራት እጥፍ ያህል ንቁ ስለሆነ፣ ብርሃን የሚቀንስ ማጣሪያ ካልተጨመረበት ፎቶው ነጥቶ ይወጣል። «አይ ታይፕ» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አይግዙ፤ ካሜራዎ የራሱ ባትሪ የለውም፣ ኃይል የሚያገኘው በፊልሙ ጥቅል ሥር ከተቀመጠው ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፣ አይ ታይፕ ግን ባትሪ የለውም።

ፊልሙን ከማስገባትዎ በፊት ሮለሮቹን በጥቂቱ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የደረቀ የድሮ ፈሳሽ ካለባቸው በየፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ጥቅሉን አስገብተው በሩን ሲዘጉት ጥቁሩ መሸፈኛ ካርቶን በራሱ ተገፍቶ ከወጣ ሞተሩ ደህና ነው። ካልወጣ፣ ሌላ ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት ለአሮጌ ካሜራ ጠጋኝ ያሳዩት። ያልተከፈተውን ጥቅል ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሁን፤ ለማንሳት ሲያስቡ ቀደም ብለው አውጥተው ይተዉት፣ ብርድ ላይ ከተነሳ ቀለሙ ወደ ሰማያዊነት ያደላልና። የምርቱ ቀን ካርቶኑ ላይ ስለሚታተም ዓመት ያልሞላውን ይምረጡ።