ድሬ ውስጥ ድመት የሚያይ ሐኪም ጠቁሙኝ፣ ሽንት ቤት ተመላልሶ ሊሞትብኝ ነው

የሳቢያኗ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። የ3 ዓመት ወንድ ድመት አለኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣውም። ድርቀት ይመስለኛል። ቀፊራ በኩል ካሉት የከብት መድኃኒት ቤቶች፣ ከመንግሥት ክሊኒክና ቤት ድረስ ከሚመጡት ሐኪሞች የቱ ይሻላል? ዋጋም ንገሩኝ።

ከዚራ 7፦
አቦ የእኛን ዶክተር ጥሪው። ውሻችንን 6 ዓመት ሙሉ የከተበው እሱ ነው። ሌላ ጋ ብርሽን አትበትኚ።

የሳቢያኗ፦
ድመት ያክማል?

ከዚራ 7፦
ውሻ ያከመ ድመት ያቅተዋል?

እሙ ረያን፦
ብቻ የሰው መድኃኒት ቤት እንዳትሄጂ እህቴ። አምና ድመቴ ስታተኩስ አንዱ ጋ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ሩብ ፓራሲታሞል ስጫት» አለኝ። ማታ ፊቷ አበጠ፣ ድዷ ቡና መሰለ። ሳይነጋ ሞተች። ወላሂ እስከዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ለገሃሬ፦
እኔ ሰጥቼ ድናለች።

እሙ ረያን፦
ያንቺ ዕድሜ ነበራት። የኔን አፈር በላት።

ለገሃሬ፦
መጠኑን አብዝተሽ ይሆናላ።

እሙ ረያን፦
ሩብ አልኩሽ እኮ! ሩብ!

ታይዋን ተራ፦
ለሰው ወረፋው አንድ ወር ነው፣ እዚህ ለድመት ስፔሻሊስት ይመረጣል። በርጫው ሞቋል መሰለኝ።

የግመል ሐኪም፦
ስትቀልዱ ድመቱ እንዳያመልጠን። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግመልና ፍየል ብቻ ነው የማየው፤ ይህን ግን አውቀዋለሁ። የሳቢያኗ፣ ድርቀት አይመስለኝም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ቀጭን ስለሆነ በደቃቅ ጠጠር ይደፈናል። ሽንቱ ሲታገድ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፣ ፖታሲየም ይጨምርና ልብ ያቆማል። አንድ ሁለት ቀን ነው ያለው። ማስመለስ ከጀመረ ወይም ከፈዘዘ ሰዓቱ አልቋል። ሆዱን እንዳትጫኚ፣ ፊኛው ይፈነዳል። ዘይትም፣ ኦክሲ የሚባለው የከብት አንቲባዮቲክ መርፌም አይከፍተውም።

ስትደውዪ «ድመት ታያላችሁ?» አትበዪ፣ ሁሉም አዎ ይልሻል። «ለወንድ ድመት የሚሆን ቀጭን ካቴተርና ማደንዘዣ አላችሁ?» በያቸው፤ ካቴተር ሽንት ማስወጫው ቱቦ ነው። ከሌላቸው ርካሽ ቢሆኑም ምን ይሠራልሻል? ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ሳትደርሺ። እነሱንም ቀድመሽ ደውይ።

እሙ ረያን እውነቷን ነው። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን መፍታት አይችልም፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ለዚያ ነው ድዱ ቡናማ የሆነው። የለገሃሬዋ ድመት በዕድል ነው የተረፈችው።

ለገሃሬ፦
እሺ ዶክተር። የኔዋ ደግሞ በዚህ ሙቀት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ የድሬ ፀሐይ ነው አይደል?

የግመል ሐኪም፦
ውሻ ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። ድመት ግን ተኝታ እያለች አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ዛሬውኑ ትታይ። ሮጣ ከሆነና ጥላ ውስጥ ወዲያው ከተወችው ሌላ ነገር ነው።

የጁገል ልጅ፦
ይቅርታ፣ ድመቱ የሚቀመጥበት አሸዋ ከየት ነው የምትገዙት? ሐረር አጣሁ።

ታይዋን ተራ፦
አሸዋ ይገዛል? ጆንያ ይዘህ ዳቻቱ ደረቅ ወንዝ ውረድ። በክረምት ብቻ እንዳትሞክረው።

ከዚራ 7፦
የእኛ ዶክተር አሸዋም ያመጣል።

የግመል ሐኪም፦
ካቴተርስ አለው?

ከዚራ 7፦
እሱ እጁ ጥሩ ነው፣ መሣሪያ አያስፈልገውም።

የሳቢያኗ፦
አሁን አረፋ አስመለሰ። ሁለት ቦታ ደወልኩ፣ አንዱ አያነሳም፣ አንዱ «ይዘሽው ነይ እናየዋለን» ይላል፣ ካቴተሩን ስጠይቀው ዝም አለ። ቅርጫት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል።

የግመል ሐኪም፦
ዝም ያለሽ ጋ አትሂጂ!

እሙ ረያን፦
እህቴ የት ደረስሽ? አላህ ይማርልሽ።

እሙ ረያን፦
የሳቢያኗ?

የጁገል ልጅ፦
የዳቻቱን አሸዋ ታጥቦ ነው ወይስ እንዲሁ?